የፋርማኮሎጂ ምርጫ ጥያቄያችሁ ጥሩ መሆኑን እንዴት ታውቃላችሁ? ከማንበብ እስከ አይተም አናሊሲስ

እስቲ መጀመሪያ ይሄን ጥያቄ እዩልኝ፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ዋርፋሪን የሚወስድ ታካሚ ላይ የመድማት አደጋን የሚጨምረው የትኛው መድሃኒት ነው?
ሀ. ሪፋምፒሲን
ለ. ሜትሮኒዳዞል
ሐ. ካርባማዜፒን
መ. ፍሉኮናዞል

መልሱ ብዬ የያዝኩት ለ ነበር፣ ምክንያቱም ሜትሮኒዳዞል ሲዋይፒ2ሲ9 የሚባለውን ኤንዛይም እንደሚያግድና ዋርፋሪኑ (ደም እንዳይረጋ የሚከላከለው መድሃኒት) ደም ውስጥ እንደሚጠራቀም ክላስ ላይ በደንብ ሰርተነዋል፣ ፍሉኮናዞልን ያስገባሁት ደሞ አራተኛ ምርጫ ስለጎደለኝ ብቻ ነው። ውጤት ከተለጠፈ በኋላ አንዲት ተማሪ መጥታ «መምህር፣ ፍሉኮናዞልም እኮ ያንኑ ኤንዛይም ነው የሚያግደው» አለችኝ። ልክ ናት። ከክላሱ ጎበዝ ከሚባሉት አንዷ ናት፣ ጥያቄውን የሳተችውም ስለምታውቅ ነው፣ ብዙ ያላነበበው ልጅ ግን የክላሱን ምሳሌ አስታውሶ ለ ብሎ አለፈ። ይሄ ነገር እስካሁን ያንገበግበኛል።

ከዛ ወዲህ «ይሄ ጥያቄ አሪፍ ነው፣ ይሄ ደሞ ደካማ ነው» እያልኩ በስሜት መፍረድ ትቼ በቅደም ተከተል ማየት ጀመርኩ፣ እዚህ የምጽፍላችሁም እሱን ነው። አብዛኛው ስራ ፈተናው ከመሰጠቱ በፊት በዓይን የሚሰራ ነው፣ ቀሪው ተማሪዎቹ ከተፈተኑ በኋላ በቁጥር ነው፣ አይተም አናሊሲስ የሚባለው እሱ ነው። ብዙ ሰው ቀጥታ ወደ ቁጥሩ ነው የሚሮጠው፣ ግን ቁጥሩ ጥያቄው እንደታመመ ነው እንጂ ምን እንደያዘው አይነግራችሁም፣ እሱን የምታገኙት አንብባችሁ ነው።

ደረጃ 1፦ ጥያቄው ምን ሊለካ እንደመጣ እወቁ

ይሄ አጭር ነው ግን አትዝለሉት። የፈተናችሁን ብሉፕሪንት (ከየርዕሱ ስንት ጥያቄ እንደሚወጣ የሚያሳየውን እቅድ) አውጡ፣ ከሌላችሁ በአንድ ወረቀት ላይ በአንድ በኩል ርዕሶቹን (ፋርማኮካይኔቲክስ፣ ኦቶኖሚክ፣ የልብና የደም ግፊት፣ አንቲባዮቲክ እያላችሁ) በሌላ በኩል ደሞ ምን እንደሚጠይቅ (ማስታወስ፣ መረዳት፣ ታካሚ ላይ መጠቀም) ጻፉና እያንዳንዱን ጥያቄ በየሳጥኑ አስገቡት። 8 ሰዓት የተማሩት ርዕስ ላይ 2 ጥያቄ፣ 2 ሰዓት የተማሩት ላይ 9 ጥያቄ ካገኛችሁ ጥያቄዎቹ አንድ በአንድ ቢያምሩም ፈተናው ጥሩ አይደለም። ሌላው፣ ለጥያቄው ቦታ ካጣችሁለት፣ ማለትም ከየትኛው የትምህርቱ ዓላማ እንደመጣ መናገር ካቃታችሁ፣ ምንም ያህል ብልጠት ቢኖረው አውጡት።

ደረጃ 2፦ ምርጫዎቹን በእጃችሁ ሸፍናችሁ አንብቡ

ጥያቄውን ብቻ፣ ስቴም የሚባለውን ክፍል፣ አንብቡና ምርጫዎቹን ሳታዩ መልስ ለመስጠት ሞክሩ። መመለስ ከቻላችሁ ወይም ቢያንስ መልሱ ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ ካወቃችሁ ስቴሙ ደህና ነው። ይሄን ፈተና የማያልፈው በጣም የተለመደው ጥያቄ «ስለ ፕሮፕራኖሎል ትክክል የሆነው የቱ ነው?» የሚለው ነው። ተሸፍኖ ምን ብላችሁ ትመልሳላችሁ? እንደዚህ ዓይነቱ ጥያቄ አንድ ጥያቄ አይደለም፣ አራት እውነት ሀሰት ተጣብቆ ነው፣ አንዱ ምርጫ ስለ ሜታቦሊዝም፣ አንዱ ስለ ሪሴፕተር፣ አንዱ ስለ ጎንዮሽ ጉዳት ያወራል፣ ተማሪው የቱን እንዳላወቀ እናንተም አታውቁም።

እሱን እንዲህ ብንለውጠውስ? «አስም ያለባት የ28 ዓመት ሴት ለማይግሬን መከላከያ የተሰጣትን ፕሮፕራኖሎል መውሰድ ከጀመረች በ3ኛው ቀን ትንፋሽ አጥሯት መጣች፣ ደረቷ ሲዳመጥ ያፏጫል። ለዚህ ምክንያት የሆነው የየትኛው ሪሴፕተር መታገድ ነው?» አሁን ምርጫዎቹን ሳላይ ቤታ 2 ብዬ መመለስ እችላለሁ።

«ያልሆነው የቱ ነው» የሚለውን ቅርጽ በተመለከተ፣ ፋርማኮሎጂ ላይ አንዳንዴ ያስፈልጋል፣ የትኛውን መድሃኒት መስጠት እንደሌለብን ማወቅ ራሱ ትልቅ እውቀት ነውና። ግን ያኔም ቢሆን «ለዚህች ታካሚ መሰጠት የሌለበት» ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ይሻላል፣ «ከሚከተሉት ውስጥ የማይከለከለው ያልሆነው» ዓይነት ድርብ አሉታ ግን የሚፈትነው የማንበብ ትዕግስትን እንጂ መድሃኒቱን አይደለም።

ደረጃ 3፦ እያንዳንዱን የተሳሳተ ምርጫ «አንተ ማን ነህ?» በሉት

ለኔ የጥያቄ ጥራት ያለው እዚህ ነው። ትክክለኛውን መልስ መጻፍ ለማንም አይከብድም፣ የሚከብደው ዲስትራክተሩ፣ አሳሳቹ ምርጫ ነው። መለኪያዬ አንድ ነው፦ እያንዳንዱ ዲስትራክተር አንድ ተማሪ፣ ወይም አንድ ጀማሪ ሃኪም ወይም ፋርማሲስት፣ ከምር የሚሰራው ስህተት መሆን አለበት። ስህተቱን ስም ሰጥቼ መጻፍ ካልቻልኩ ምርጫው ቦታ መሙያ ነው።

የላይኛውን የአስም ጥያቄ ውሰዱት። ምርጫዎቹ ቤታ 1፣ ቤታ 2፣ አልፋ 1 እና ኤም 3 ናቸው። ቤታ 1ን የሚመርጠው የልብንና የሳንባን ሪሴፕተር ያምታታ ልጅ ነው። ኤም 3ን የሚመርጠው ኤም 3 ብሮንከስ (የሳንባ አየር መተላለፊያ) ላይ እንዳለ ያውቃል ግን ሲታገድ እንደሚያሰፋ እንጂ እንደማያጠብ ዘንግቷል፣ በዛ ላይ ፕሮፕራኖሎል ኤም 3ን እንደማይነካ አላሰበም። አልፋ 1 ደሞ ኦቶኖሚክን ጭራሽ ላልያዘው ነው። ታያላችሁ አይደል፣ ማን ምን እንደመረጠ ሳይ በሚቀጥለው ክላስ ምን መድገም እንዳለብኝ ይነግረኛል።

ሂሳብ ላይ ይሄ ይበልጥ ያምራል። ለአንድ መድሃኒት በአፍ የሚሰጥ ሎዲንግ ዶዝ (የሚፈለገው መጠን ላይ ቶሎ ለመድረስ መጀመሪያ የሚሰጠው ዶዝ) አስሉ በሉ፣ የስርጭት መጠኑ 40 ሊትር፣ የሚፈለገው የደም ውስጥ መጠን በሊትር 10 ሚሊግራም፣ ክሊራንሱ (መድሃኒቱ ከደም የሚጸዳበት ፍጥነት) በሰዓት 2 ሊትር፣ ባዮአቬይላቢሊቲው (ከተዋጠው ደም ውስጥ የሚገባው ድርሻ) 0.8 ነው። መልሱ 40 በ10 ተባዝቶ ለ0.8 ሲካፈል 500 ሚሊግራም ነው። ባዮአቬይላቢሊቲውን የረሳ 400 ያመጣል፣ ማካፈሉን ትቶ ያባዛ 320 ያመጣል፣ ሎዲንግ ዶዝን ከሜንቴናንስ ዶዝ (መጠኑ እንዳይወርድ በየጊዜው ከሚሰጠው) ጋር ያምታታ ደሞ በክሊራንሱ ሰርቶ 25 ያመጣል (ይሄኛው በሰዓት የሚያስፈልገው መጠን ነው)። አራቱ ምርጫዎች እነዚህ ከሆኑ የተሳሳተ ሂሳብ የሰራ ሁሉ የራሱን ቁጥር ያገኛል። 100፣ 200፣ 500፣ 1000 ብላችሁ የጻፋችሁ እንደሆነ ግን 400 ያመጣው ልጅ መልሱን ሲያጣ መሳሳቱን ያውቅና ተመልሶ ያርማል፣ ጥያቄው ራሱ ፍንጭ ሰጠው ማለት ነው። አንድ ጥንቃቄ፣ ስቴዲ ስቴት (የመድሃኒቱ መጠን ደም ውስጥ የሚረጋበት ሁኔታ) ለመድረስ ከ4 እስከ 5 ሃፍ ላይፍ (መጠኑ በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ) ይፈጃል ብለን ስለምናስተምር ሃፍ ላይፉ 8 ሰዓት የሆነ መድሃኒት ላይ 32 እና 40ን አብራችሁ ምርጫ ውስጥ እንዳታስገቡ፣ ሁለቱም መልስ ናቸው።

አሁን ደሞ ሳያነቡ መልስ የሚያስገኙ ቀዳዳዎችን ፈልጉ። በየትኛውም ትምህርት ያሉት የታወቁ ናቸው፦ ትክክለኛው መልስ ከሌሎቹ ረዝሞና ተብራርቶ መቀመጡ፣ «ሁልጊዜ» እና «በፍጹም» የሚሉ ቃላት የተሳሳቱት ምርጫዎች ላይ ብቻ መገኘታቸው፣ ስቴሙ ላይ ያለ ቃል መልሱ ላይ መደገሙ፣ «ሁሉም መልስ ናቸው» የሚለው (ሁለቱ ትክክል መሆናቸውን ያወቀ ሶስተኛውን ማንበብ አያስፈልገውም)። ፋርማኮሎጂ ግን የራሱ የሆኑ ቀዳዳዎች አሉት፣ እነሱ ላይ ነው ብዙ ጊዜ የምንሸነፈው።

አንደኛው የስም መጨረሻ ነው። «ኤሲኢ ኢንሂቢተር የሆነው የቱ ነው?» ብላችሁ ኢናላፕሪል፣ አምሎዲፒን፣ ሎሳርታን፣ አቴኖሎል ብትደረድሩ ተማሪው «ፕሪል» የሚለውን ፈልጎ ያገኛል፣ ስለ አንጂዮቴንሲን አንድ ነገር ማወቅ አይጠበቅበትም። እኔ እንዲህ ዓይነቱን ወደ ውጤቱ አዞረዋለሁ፣ «የደም ግፊት መድሃኒት ከጀመረ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ደረቅ ሳል የያዘው ታካሚ፣ ሳሉን ያመጣው የምን መጠራቀም ነው?» ስል ብራዲካይኒን ማለት አለበት።

ሁለተኛው መንትያ መድሃኒት ነው። ዲጎክሲን የሚወስድ ሰው ላይ ፖታሲየም አውርዶ ለቶክሲሲቲ የሚያጋልጠውን ስትጠይቁ ፉሮሴማይድም ሃይድሮክሎሮታያዛይድም ምርጫ ውስጥ ካሉ ሁለቱም ልክ ናቸው። ሌላ ጥያቄ ላይ ደሞ ሁለት ተመሳሳይ መድሃኒቶች ሁለቱም ስህተት ሆነው ከተቀመጡ ብልጥ ተማሪ «መልሱ አንድ ብቻ ስለሆነ እነዚህ ሁለቱ ሊሆኑ አይችሉም» ብሎ ይሰርዛቸውና በሁለት ምርጫ መካከል ይቀራል። የግምት እድሉ ከ25 ወደ 50 ፐርሰንት ዘለለ።

ሶስተኛው ቅልቅል ምርጫ ነው፣ አንዱ የመድሃኒት ስም፣ አንዱ ሜካኒዝም፣ አንዱ የጎንዮሽ ጉዳት። አራቱም አንድ ዓይነት ነገር ይሁኑ።

ስንት ምርጫ ይኑር ለሚለው፣ አራት ወይ አምስት መሆን አለበት የሚል ህግ እንደ ሃይማኖት ተይዟል፣ ግን ሶስት የሚሰሩ ምርጫዎች በቂ እንደሆኑ በ2005 የወጣ ትልቅ የጥናቶች ቅኝት አሳይቷል። የኔ ፍሉኮናዞል የመጣው አራተኛ ምርጫ ስለጎደለኝ እንደነበር አስታውሱ። ሶስት ላይ ብቆም ኖሮ ያቺ ልጅ አትጎዳም ነበር።

ደረጃ 4፦ አንሰር ኪውን (የመልስ ዝርዝሩን) ሳትሰጡ ለሌላ ሰው አሰሩት

ጥያቄውን የጻፈ ሰው የራሱን ጥያቄ ስህተት አያይም፣ ምክንያቱም መልሱን እያወቀ ነው የሚያነበው። ስለዚህ ለአንድ የስራ ባልደረባችሁ ፈተናውን እንደ ተማሪ ቁጭ ብሎ እንዲሰራው ስጡት፣ መልሱን አታሳዩት። ከናንተ ጋር በተለያየበት ቦታ ሁሉ ቆም በሉ፣ እሱ ተሳስቶ ነው ብላችሁ አትለፉ። ከተቻለ አንዱ ሃኪም ወይም ክሊኒካል ፋርማሲስት ይሁን፣ መጽሐፍ ላይ «የመጀመሪያ ምርጫ» ተብሎ የተጻፈው ወረደ ወይም ተቀየረ የሚለውን ቶሎ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። የህክምና ጋይድላይን ስለሚለዋወጥ ከቆየ የጥያቄ ባንክ የወጣ ጥያቄ ሁሉ መልሱ እንደገና መታየት አለበት፣ «ለዚህ በሽታ የመጀመሪያው መድሃኒት የቱ ነው» የሚሉት በተለይ። በዚሁ አጋጣሚ ዶዙን፣ ዩኒቱን (ሚሊግራም ነው ማይክሮግራም?)፣ የኩላሊት ሁኔታውን፣ እርግዝና ተጠቅሶ እንደሆነ አብራችሁ እዩ፣ አንዷ ቃል መልሱን ትገለብጣለች።

ደረጃ 5፦ ታካሚውን አውጡትና እዩ

አሁን አሁን ሁሉም ሰው ጥያቄው ላይ ታካሚ ያስገባል፣ ጥሩ ነው፣ ግን ብዙዎቹ ጌጥ ናቸው። «የ45 ዓመት ሰው ቲቢ ተገኝቶበት መድሃኒት ጀመረ። የኢሶናያዚድን ኒውሮፓቲ የሚከላከለው ቫይታሚን የቱ ነው?» የሚለው ላይ ሰውየውን ብታወጡት መልሱ ያው ፓይሪዶክሲን፣ ቫይታሚን ቢ6 ነው። ይሄ ማስታወስ ብቻ ነው፣ ማስታወስ መጠየቅ ነውር የለውም ግን በብሉፕሪንታችሁ ላይ «መጠቀም» ብላችሁ አትመዝግቡት። ያንኑ ሰውዬ ህክምና ከጀመረ በኋላ ቀይና አረንጓዴ መለየት አቃተኝ ብሎ እንዲመጣ አድርጉትና የትኛው መድሃኒት ይቁም ብላችሁ ጠይቁ፣ አሁን ኢታምቡቶል ለማለት ከታካሚው መነሳት ግድ ነው።

ደረጃ 6፦ ከፈተናው በኋላ ቁጥሩን አውጡ

ልዩ ሶፍትዌር አያስፈልግም፣ ኤክሴል ይበቃል። በየረድፉ ተማሪ፣ በየአምዱ ጥያቄ፣ በውስጡ ተማሪው የመረጠው ፊደል። ፊደሉን አትጣሉት፣ 1 እና 0 ብቻ ከያዛችሁ ዲስትራክተሩን ማየት አትችሉም። ከዛ በሌላ ሺት ላይ ወደ 1 እና 0 ቀይሩና ድምር ውጤት አውጥታችሁ ከላይ ወደ ታች ደርድሩ።

ዲፊከልቲ ኢንዴክስ ማለት ስንቱ መለሰው ነው፣ የመለሱት ሲካፈሉ ለተፈተኑት። ከ100 ተማሪ 68 ከመለሱ 0.68። ስሙ ያሳስታል፣ ቁጥሩ ሲጨምር ጥያቄው ቀላል ነው ማለት ነው። አብዛኛው ሰው ከ0.30 እስከ 0.70 ወይ 0.80 ያለውን ደህና ይለዋል። ግን በዚህ ብቻ ጥያቄ አትጣሉ። በኦፒዮይድ ትንፋሹ የቆመ ሰው ናሎክሶን እንደሚሰጠው 96 ፐርሰንቱ ከመለሰ ደስ ሊለን ነው የሚገባው፣ ሁሉም ሊያውቀው የሚገባ ነገር ነው።

ዲስክሪሚኔሽን ኢንዴክስ ደሞ ጎበዙን ከደካማው ይለያል ወይ የሚለው ነው። በድምር ውጤት ከላይ 27 ፐርሰንቱን እና ከታች 27 ፐርሰንቱን ውሰዱ (27 የምትለዋን ቁጥር በ1939 ኬሊ የሚባል ሰው ነው ያሰላት)። ከላይኞቹ የመለሱት ሲቀነስ ከታችኞቹ የመለሱት፣ ሲካፈል ለአንዱ ቡድን ብዛት። ከላይ ከ27ቱ 24፣ ከታች ከ27ቱ 12 ከመለሱ 12 ለ27 ማለትም 0.44 ነው። ኤበል የሚባል የፈተና ልኬት ባለሙያ ባወጣው አከፋፈል 0.40 እና ከዛ በላይ በጣም ጥሩ፣ ከ0.30 እስከ 0.39 ጥሩ፣ ከ0.20 እስከ 0.29 መታረም ያለበት፣ ከዛ በታች ደካማ። ከዜሮ በታች ከወረደ ደካሞቹ ከጎበዞቹ በልጠው መልሰውታል ማለት ነውና መጀመሪያ አንሰር ኪውን እዩ፣ ብዙ ጊዜ ለ ለማለት ሐ ተጽፎ ይገኛል።

ክላሱ ትንሽ ከሆነ ግን ረጋ በሉ። 30 ተማሪ ቢኖራችሁ 27 ፐርሰንቱ 8 ሰው ነው፣ አንድ ልጅ ብቻ ሃሳቡን ቢቀይር ቁጥሩ በ0.125 ይዘላል። ያኔ ክላሱን ለሁለት ከፍላችሁ አስሉ ወይም የሁለት ሶስት ዓመት ውጤት አጠራቅሙ።

ከዛ ዲስትራክተሮቹ። ከተማሪው 5 ፐርሰንት እንኳን ያልመረጠው ምርጫ እየሰራ አይደለም ይባላል። ግን ብዛቱን ብቻ ሳይሆን ማን እንደመረጠው እዩ። የኔን የዋርፋሪን ጥያቄ ስቆጥረው ከላይኞቹ 27 ተማሪዎች ሜትሮኒዳዞልን 12፣ ፍሉኮናዞልን 14፣ ሪፋምፒሲንን 1 መርጠውታል። ከታችኞቹ 27 ሜትሮኒዳዞል 10፣ ፍሉኮናዞል 5፣ ሪፋምፒሲን 8፣ ካርባማዜፒን 4። የያዝኩት መልስ ዲስክሪሚኔሽኑ 2 ለ27፣ 0.07 ብቻ ነው፣ «ስህተት» ያልኩት ፍሉኮናዞል ግን 9 ለ27፣ 0.33 ነው። ጎበዞቹ በአንድ «ስህተት» ዙሪያ ሲሰበሰቡ እነሱን አትጠራጠሩ፣ ጥያቄውን ጠርጥሩ።

በመጨረሻ ፈተናውን በሙሉ የሚያየው፣ ውጤቱ ምን ያህል አስተማማኝ እንደሆነ የሚለካው፣ ኬአር 20 ነው፣ ኩደርና ሪቻርድሰን በ1937 ያወጡት። ለየጥያቄው የመለሱትን ድርሻ ባልመለሱት ድርሻ አባዙና ደምሩ፣ ለድምር ውጤቱ ቫሪያንስ (ውጤቶቹ ምን ያህል እንደተራራቁ የሚያሳየው ቁጥር) አካፍሉ፣ ከ1 ቀንሱ፣ ከዛ በጥያቄው ብዛት አባዝታችሁ ከብዛቱ አንድ ላነሰ ቁጥር አካፍሉ። 50 ጥያቄ፣ ድምሩ 9.5፣ ቫሪያንሱ 42 ከሆነ 0.79 ይመጣል። ለክላስ ፈተና 0.70 አካባቢ ይበቃል የሚለው የተለመደ ነው፣ ሰው የሚያልፍበትና የሚወድቅበት ትልቅ ፈተና ግን ከዛ በላይ ይፈልጋል። በዚህ ምሳሌ እያንዳንዱ ውጤት ላይ ያለው የመለኪያ ስህተት ወደ 3 ማርክ ይጠጋል፣ ስለዚህ ማለፊያው 25 ሆኖ 24 ያመጣን ልጅ በዚህ አንድ ፈተና ብቻ አያውቅም ለማለት አልደፍርም።

ደረጃ 7፦ ወስኑና መዝግቡ

አንሰር ኪው ከተሳሳተ አርማችሁ ለሁሉም እንደገና አርሙ። ሁለት ትክክለኛ መልስ ካለ ሁለቱንም ተቀበሉ። የኔ ጥያቄ ላይ ሁለቱን ስቀበል ከላይኞቹ 26፣ ከታችኞቹ 15 መለሱ፣ 0.41 ሆነ፣ ማለትም ተማሪዎቹ ያውቁት ነበር። ጥያቄውን ጭራሽ መሰረዝ የመጨረሻው አማራጭ ይሁን፣ በትክክል የመለሰውን ማርክ መንጠቅ ነውና፣ ብሉፕሪንቱንም ያጎድላል። ቁጥሩ ደካማ ሆኖ ስታነቡት ምንም ካልተገኘበት ደሞ አስቀምጡትና በሌላ ዓመት እንደገና ሞክሩት።

ለየጥያቄው ካርድ ይኑረው፣ መቼ እንደተፈተነ፣ ስንት ተማሪ፣ ሁለቱ ኢንዴክሶች፣ የየምርጫው ቁጥር፣ እና እያንዳንዱ ዲስትራክተር የትኛውን ስህተት እንደሚወክል በአንድ መስመር። የዋርፋሪኑ ካርድ ላይ አሁን ያለው ጥያቄ ይሄ ነው (አይኤንአር ደም ለመርጋት የሚፈጅበትን ጊዜ የሚያሳይ ቁጥር ነው፣ ሲጨምር የመድማት አደጋው ይጨምራል)፦

በዋርፋሪን አይኤንአሩ 2.4 ላይ ረግቶ የቆየ ታካሚ አዲስ መድሃኒት ከጀመረ ከ10 ቀን በኋላ አይኤንአሩ 5.1 ሆነ። የተጀመረለት የትኛው ነው?
ሀ. ሪፋምፒሲን (ኤንዛይም ማነሳሳትን ከማገድ ያምታታ)
ለ. ሜትሮኒዳዞል (መልስ)
ሐ. ኮለስቲራሚን (አንጀት ውስጥ መያዙ ዋርፋሪኑን እንደሚቀንስ ያላወቀ)

አራተኛ ምርጫ ፌኒቶይን ልጨምር አስቤ ነበር፣ ግን እሱ መጀመሪያ አካባቢ የዋርፋሪንን ውጤት ሊጨምር፣ ሲቆይ ደሞ ሊቀንስ ስለሚችል ተውኩት።